ወረዳው ለግብር ደጃችንን ያውቀዋል፣ ለወረርሽኝ ግን ይጠፋበታል

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ አንድ የጤና ቢሮ ኃላፊ ሲናገሩ ሰማሁ። ርዕሱ ከማርበርግ ምን ተማርን የሚል ነበር፤ በ2018 በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ጂንካ ከተማ የገባው ገዳይ የቫይረስ በሽታ ማለት ነው። ጋዜጠኛው ደህና ጥያቄ አነሳ። በሽታ ሲገባ የትኛው ወረዳ፣ የትኛው ቀበሌ እንደሆነ ለነዋሪው ለምን ቶሎ አይነገርም አላቸው። ኃላፊው ለማሰብም ጊዜ አልወሰዱ። ሕዝቡ ይሸበራል አሉ። መረጃ ከአንድ ማዕከል ብቻ ነው መውጣት ያለበት፣ ነዋሪው የጤና ሚኒስቴርን መግለጫ ይጠብቅ ብለው ዘጉት። ጋዜጠኛውም አመስግኖ ወደ ማስታወቂያ ገባ። እኔ ግን ተናደድኩ። እስካሁንም አልበረደልኝም።

እስቲ ከሽብሩ እንጀምር። በወረርሽኝ ጊዜ መረጃ በዝቶብን የተሸበርነው መቼ ነው? መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር ማዕከሉ ዝም አላለም። በየቀኑ መግለጫ ነበር። ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ በትዊተር ገጻቸው ይለጥፉት ነበር። ይህን ያህል ሰው ተመረመረ፣ ይህን ያህል ተያዘ፣ ዕድሜው ይህ፣ ጾታው ይህ፣ የጉዞ ታሪክ አለው፣ የለውም። ማዕከሉ ሥራውን ሠርቷል እንበል። ታዲያ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ለምን እሳት ሆኑ? ፌጦ ፍለጋ ሰው ለምን ገበያ ለገበያ ዞረ?

ሰው ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ስለነበረ ነው። እኔ አጠገብ ምን አለ? ለዚህ መልስ የሚሰጥ አልነበረም። የክፍለ ከተማ ቁጥር አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ይጠፋል። ክፍተቱን ቴሌግራም ሞላው። እንትን ሆስፒታል ተዘግቷል፣ እንትን ኮንዶሚኒየም ሙሉ ብሎኩ ተይዟል፣ እንትን ባንክ ውስጥ ሰው ወድቋል። ግማሹ ውሸት ነበር። የትኛው ግማሽ እንደሆነ የሚነግረን ግን አልነበረም። ሽብሩን የፈጠረው የሰፈር ዝምታ ነው። ኃላፊው በሽታውን መድኃኒት ነው ብለው ሊሸጡልን ነው።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልናገር። ወረዳው እኛን ማግኘት አቅቶት አያውቅም! የጣሪያና ግድግዳ ግብር ሲደርስ ሞንታርቦ የጫነች መኪና ከእንቅልፋችን ሳንነሳ ሰፈሩን ትዞራለች። የጤና መድን መዋጮ ሲሆን ሰው በር ድረስ ይመጣል፤ ያውም ስም ዝርዝር ይዞ፣ ያልከፈለውን ለይቶ። የድጋፍ ሰልፍ ሲኖር ማን ቤት ስንት አዋቂ እንዳለ ይታወቃል። ለኮሪደር ልማት የሚነሳ አጥር ካለ ቀለም ይዘው መጥተው ምልክት ያደርጋሉ፣ ቤት ተሳስተው ሲያንኳኩ አላየሁም። የብሎክ ተጠሪ አለ። የሰላም ሠራዊት አለ። አንድ ለአምስቱ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋ፣ የውጭ ሰው ሳይቀር መጥቶ የሚያየውና የሚያደንቀው ሥርዓት ነው። በአጭሩ ከሚኒስትሩ ቢሮ እስከ ሰርቪስ ቤት የሚደርስ መስመር አለን።

መስመሩ ግን የሚሠራው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ከእኛ ገንዘብ፣ ጉልበትና ጭብጨባ ሲፈለግ ይከፈታል። እኛ ማወቅ ያለብን ነገር ሲመጣ ከማዕከል ይጠበቅ ይባላል። ያቺ የሞንታርቦ መኪና ወረርሽኝ ሲገባ ነዳጅ ያልቅባታል? ስም ዝርዝር ይዞ በር የሚያንኳኳው ልጅ በዚያ ሳምንት እረፍት ይወጣል? አቅም የለንም እንዳይሉን፣ አቅማቸውን በየዓመቱ በሐምሌ እናየዋለን።

ዕድሩን ደግሞ እዩ። ሰፈር ውስጥ ሰው መሞቱን ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው። ድንኳን የሚተክለው ዕድር ነው። ሬሳው ተገንዞ እስኪወጣ ከቤተሰቡ ጎን የማይጠፋው፣ ቀብሩን የሚያስተባብረው ዕድር ነው። ማርበርግ የሚተላለፈው ደግሞ በታማሚው ደምና የሰውነት ፈሳሽ ነው። ሰውየው ከሞተ በኋላም ሬሳው ያስይዛል። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነቱ በሽታ ጊዜ የዕድር ሰብሳቢ ከማንኛውም የቴሌቪዥን ተንታኝ በላይ መረጃ ያስፈልገዋል። ሬሳ አትንኩ፣ በዚህ ስልክ ደውሉ፣ የሚቀብር ቡድን ይመጣል፣ ለቅሶው በዚህ መልክ ይሁን የሚል አንድ ወረቀት። ይህን ወረቀት ከወረዳው በቀር ማን ይጽፍለታል? ጄኔቫ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት? ወረቀቱ ሳይደርሰው ገናዥ የጠራ ሽማግሌ ነገ ቢታመም ተጠያቂው ማን ነው? ሳይሸበር ስለሞተ እንጽናና?

ጂንካን እንውሰድ። ኅዳር 3 ቀን 2018 ጤና ሚኒስቴር በከተማዋ በቫይረስ የሚመጣ የደም መፍሰስ ትኩሳት ተጠርጥሯል አለ። ኅዳር 5 ቀን ማርበርግ መሆኑ ተረጋገጠ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አድንቋል፣ እኔም አልነፍግም። ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች እየፈለጉ የተከታተሉትንም ባርኔጣዬን አንስቼ አመሰግናለሁ። ጥር 18 ቀን ወረርሽኙ ማብቃቱ የታወጀው በእነሱ ድካም ነው።

ግን ቀን መቁጠሪያውን ተመልከቱ። ኅዳር 5 ዓርብ ነበር። የጂንካ ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ነው። አሪው፣ በናው፣ ሙርሲው ከያለበት የሚሰበሰብበት ቀን። ገና ሳይነጋ ተነስቶ በእግሩ የሚመጣ ሰው አለ። ለዚያ ሰው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ መግለጫ ምን ይሠራለታል? እሱ የሚፈልገው ሌላ ነው። ገበያ ልሂድ ወይስ ልቅር? ልጄን ቢያተኩሰው ወዴት ልውሰደው? ትናንት የታመመ ዘመዴን ጠይቄ ነበር፣ ምን ላድርግ? የማርበርግ ምልክት ለመታየት እስከ 21 ቀን ሊወስድ ይችላል። ሰውየው በዚያ ሁሉ ጊዜ ራሱን እንዲያይ በሚሰማው ቋንቋ፣ በሚያውቀው ሰው ሊነገረው ይገባል። ይህን ሊያደርግ የሚችለው የቀበሌው ሰው ነው። በኃላፊው አባባል ከሄድን ግን የቀበሌው ሰው አፉን ይዞ መግለጫ መጠበቅ አለበት። በነገራችን ላይ፣ እኚህ ኃላፊ ቅዳሜ ገበያ መቼ እንደወጡ ባውቅ ደስ ይለኛል።

ጎረቤት እንይ። ሩዋንዳ ማርበርግ መግባቱን ያወጀችው መስከረም 17 ቀን 2017 ነው፣ እኛ መስቀል ስናከብር። መመሪያው ወዲያው ተከተለ። ሆስፒታል ታማሚ መጠየቅ ለ14 ቀን ቆመ። በበሽታው የሞተ ሰው ቀብር ላይ ከ50 ሰው በላይ አይገኝ ተባለ። የጤና ሚኒስትሩ ሳቢን ንሳንዚማና ደጋግመው እየወጡ ጥያቄ መለሱ። 66 ሰው ተያዘ፣ 15 ሞተ። በሌላ ቦታ ከተያዙት እስከ 88 ከመቶ የሚደርሱትን የገደለ በሽታ መሆኑን አትርሱ። ሐኪሞቹ ጎበዞች ነበሩ፣ ሕክምናውም ቶሎ ደርሷል፤ እሺ። ለእኔ ግን ሰው ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው አስቀድሞ ሲነገረው ነው። ኪጋሊ በመረጃ ብዛት ተሸብራ ስትራወጥ ያየ ካለ ይንገረኝ።

ታንዛኒያ በሌላው መንገድ ሄዳ አይታዋለች። ጥር 2017 ላይ የዓለም ጤና ድርጅት በአገሪቱ ካጌራ ክልል ማርበርግ ተጠርጥሯል ሲል መንግሥት የለም፣ ናሙናው ነጻ ነው አለ። ሳምንት ሳይሞላ ፕሬዚዳንት ሳሚያ ራሳቸው ወጥተው አለ አሉ። በኮሮና ጊዜ በፕሬዚዳንት ማጉፉሊ ዘመን ደግሞ የአገሪቱ የታማሚዎች ቁጥር 509 ላይ ቆሞ ቀረ። ቫይረሱ ግን ቁጥሩን አይቶ አልቆመም። ከአንድ ማዕከል ብቻ መረጃ የሚወጣ ከሆነ ማዕከሉ ዝም ያለ ቀን አገሩ በሙሉ ዝም ይላል። ኃላፊው ይህን እንደ ጥሩ ነገር ነው የሚያዩት መሰለኝ።

የታማሚው ክብርስ የሚል ይኖራል። ይህ እንኳን ያስኬዳል። ግን ስም ጥሩ ያለ የለም፣ ወረዳውን ንገሩን ነው ያልነው። ደግሞ በ2012 አምቡላንስ እየጮኸ ደጅ ድረስ መጥቶ፣ ከላይ እስከ ታች ነጭ የለበሱ ሰዎች ወርደው ጎረቤታችንን ሲወስዱ መንደሩ በሙሉ መስኮት ላይ ነበር። ያኔ የታማሚው ምስጢር የት ነበር? የጎደለው ከአምቡላንሱ በኋላ መጥቶ ለተቀረነው አንድ ቃል የሚናገር ሰው ነው። እሱ ስላልመጣ ቤተሰቡ ተመልሶ ሲመጣ ሰው ሸሸው። ያገለላቸው ሰው ምንም ነገር አልተነገረውም ነበር።

ሁለት ቢሮ የተለያየ ቁጥር ቢያወጣስ የሚለው የሥራ ክፍፍል ጉዳይ ነው። ቁጥሩን ማዕከሉ ያጽድቅ፣ የጸደቀውን ወረዳው በሰፈሩ ቋንቋ ይናገር። ይህን ለመግባባት ኮሚቴ አያስፈልግም።

ነገ የሚመጣው ማርበርግ ላይሆን ይችላል። ኮሌራ ቢሆንስ? በ2008 ክረምት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) አዲስ አበባ ሲገባ እጃችሁን ታጠቡ ተብለናል፤ መልካም። በኮሌራ ጊዜ ግን ዋናው መረጃ ቦታ ነው። የትኛው ቧንቧ፣ የትኛው ጉድጓድ፣ የትኛው ወንዝ? በአገር ደረጃ የተደመረ ቁጥር የቱን ውኃ አፍልቼ እንደምጠጣ አይነግረኝም።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። በየወረዳው፣ በየጠዋቱ አንድ ገጽ። እዚህ ወረዳ ትናንት ምን ተገኘ፣ ምልክት ያየ የት ይሂድ፣ ዛሬ ምን ተከለከለ፣ ለቅሶና ገበያ እንዴት ይሁን፣ የሚደወልበት ስልክ። ለዕድሮች፣ ለቤተክርስቲያን፣ ለመስጊድ፣ ለትምህርት ቤት ይድረስ፤ ማንበብ ለማይችለው ሞንታርቦዋ ትጩኽለት። ምንም ካልተገኘም አልተገኘም ተብሎ ይጻፍ። ከታች የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ስማቸውን ጽፈው ይፈርሙበት። «ከሚመለከተው አካል» የሚል ወረቀት ግን አንቀበልም።