ጣሪያው ብቻውን ዋንጫ አያዞርም

ወንድሜ፣ «አሜሪካ የደመወዝ ጣሪያ (አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ ከሚከፍለው ላይ የተጣለ ገደብ) ስላለ ዋንጫው ከክለብ ክለብ ይዞራል፤ ለክለባችን ለባሕር ዳር ከተማም መድኃኒቱ እሱ ነው» ያልከው ትንሽ ይታረም። ቁጭትህ ይገባኛል። ግን የአሜሪካው እግር ኳስ (ያው በእጅ የሚጫወቱት) እንደ ፈረንጆቹ ከ1994 ጀምሮ ጥብቅ ጣሪያ አለው። ፓትሪየትስ የሚባለው ክለብ ግን ከ2002 እስከ 2019 ስድስት ዋንጫ በልቷል። ቤዝቦል (ኳስ በዱላ የሚመቱበት ጨዋታ) ደግሞ ጥብቅ ጣሪያ የለውም። ለደመወዝ ከልክ በላይ ያወጣ ክለብ ግብር ይከፍላል እንጂ አይከለከልም። ሆኖም ከ2001 እስከ 2024 በተከታታይ ሁለቴ ያሸነፈ የለም! ነገሩ ጨዋታው ላይ ነው። በአሜሪካው እግር ኳስ ኳርተርባኩ (ኳሱን ተቀብሎ የሚያቀብለው ተጫዋች) ማጥቃቱን በሙሉ ይመራል፤ ስለዚህ አንድ ኮከብ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ቤዝቦል ላይ ኮከብ መቺም ቢሆን ተራው እስኪመለስ ስምንት ሰው ይጠብቃል። በ2025 የቤዝቦሉ ክለብ ዶጀርስ ዋንጫውን ደገመ፤ እሱስ እውነትም ብሩን በትኗል።