ሚዛን በዓይን

ለየጤና ጣቢያው ሚዛን መገዛቱ ብክነት ነው። የእኛ ኮንዶሚኒየም እናቶች እያሉ!

ባለቤቴ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ቅዳሜ ቡና ተጠርተን ሦስተኛ ፎቅ ወረድን። አቦሉ ሳይቀዳ ክብደቷ ተለካ። የቤቱ እመቤት ከእግር እስከ ራሷ አይተዋት፣ "ውይ፣ ከስተሽ የለም እንዴ! ለሁለት ብዪ እንጂ!" አሉ። ፈንዲሻ የሚቆረጥሙት ጎረቤት ቀበል አድርገው፣ "ኧረ ወፍራለች! ልጁ ይገዝፍና በኦፕራሲዮን ነው የምትወልጂው" አሏት። አንዲት ሴት፣ አንድ ወንበር፣ ሁለት ውጤት። የጤና ጣቢያ ሚዛን ይህን የት ያውቅበታል? አንድ ቁጥር ተናግሮ ዝም ነው።

ሐኪሟማ ምን ታድርግ። ቁመት ትለካለች፣ የክንድ ዙሪያ በሜትር ትጠመጥማለች፣ ከማርገዟ በፊት ስንት ኪሎ እንደነበረች ትጠይቃለች። መካከለኛ ክብደት ለነበራት ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ መጨመር ደህና ነው፤ ቀድሞም በጣም ወፍራም ለነበረች ከ5 እስከ 9 ይበቃል ትላለች። ምን ያለ ልፋት ነው!

"ለሁለት ብዪ" የተባለለት ሁለተኛው ተመጋቢ በ20ኛው ሳምንት ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ግን እንግዳ ነዋ! እንግዳ ሳይጠግብ አይሸኝም። በእርግዝናው አጋማሽ በቀን የሚጨመረው 340 ካሎሪ ገደማ ነው ይላሉ ባለሙያዎች። እሱንማ ገንፎው መሃል የተቆፈረው የቅቤ ኩሬ ብቻውን ይሸፍነዋል። ገንፎው ምርቃት ነው።

የፈንዲሻዋ እናት ደግሞ ወተት ከልክለዋታል። ልጁ ላይ ይለጠፋላ! ማስረጃም አላቸው፤ ሕፃን ሲወለድ ገላው ላይ ነጭ ነገር አለ። ወተት ቀምሳ የማታውቅ እናት ልጅም ይዞት ይወጣል፣ ግን ይህን ማን ይጠይቃል። እናት በደንብ ሳትበላ ቀርታ ልጁ ከ2.5 ኪሎ በታች ቢወለድስ? "ዋናው በሰላም መገላገሏ።"

ስኳርና ግፊት ብቻ በዓይን አይታዩም። ስለዚህ የሉም።

ስንወጣ እመቤቲቱ ገንፎ ቋጠሩልን። የፈንዲሻዋ እናት በር ላይ ባለቤቴን ጠጋ ብለው "እንዳትነኪው" አሏት። እሷም አልነካችውም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ ሳህን ይመጣል፤ ምግብ መድፋት ደግሞ ነውር ነው።

ትናንት ደረጃው ላይ የፈንዲሻዋን እናት አገኘኋቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ሆዴ ላይ ቆም አሉና፣

"አንተ ደግሞ ስንት ወርህ ነው?"