መምጫው ቁልቁለት ነው እንዴ?

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቀጥታ በረራ 13 ሰዓት ያህል ተጣጥፌ፣ ሁለቴ በልቼ፣ አንድ ፊልም ግማሹ ላይ ትቼ ጠዋት ቦሌ ዱብ አልኩ። ከቦሌ ኮዬ ፈጬ፣ እናቴ ኮንዶሚኒየም ድረስ ያለችው 20 ኪሎ ሜትር ግድም መንገድ ግን ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀችብን። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ጎሮ ጋ ደግሞ አንድ ሲኖትራክ መሀል መንገድ ቆሞ ጎማ ይቀይራል። በዚያ ሰዓት አየር ላይ ብሆን 2,000 ኪሎ ሜትር እሄድ ነበር።

እማዬ ደወለች። «የት ደረሳችሁ?» የወንድሜ ልጅ ሳያፍር «ደርሰናል!» አላት። ገና ከሲኖትራኩ ኋላ ተገትረናል እኮ!

እኔ የለመድኩት ሌላ ነው። እዚያ ስልኩ 42 ደቂቃ ካለ 42 ደቂቃ ነው፤ አምስት ደቂቃ ከዘገየህ ደውለህ ይቅርታ ትጠይቃለህ። (ዋሽንግተንን የሚዞረው 495 አውራ ጎዳና ላይ ተዘግቶብኝ ግማሽ ቀን የተቃጠልኩበትን አልረሳሁም፣ እሱን ተዉት።) ስለዚህ ልጁን «ለምን ትዋሻታለህ?» አልኩት። ቤት ስንገባ ነው የገባኝ። እማዬ «ደርሰናል» ሲባል ቡናውን ታጥባለች። «ቱሉ ዲምቱ ነን» ሲባል ትቆላለች። «በሩ ጋ ነን» ሲባል ጀበናውን ትጥዳለች። ስንገባ ጀበናው ገና መንተክተኩ ነበር። ዋሸ የተባለው ማን ላይ ነው ታዲያ?

ሁለተኛው ስኒ ላይ ጠየቀችኝ። «ስትመጣ 13 ሰዓት፣ ስትመለስ ግን ከ16 በላይ ትላለህ። መምጫው ቁልቁለት ነው እንዴ?»

ሳቅኩ፣ ከዚያ ለማስረዳት ሞከርኩ። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ስመጣ ከኋላ ይገፋል፣ ስሄድ ፊት ለፊት ይጋፈጣል። ቦሌ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያንሳቸዋል፤ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ሞልቶ፣ ሰውና ሻንጣ ጭኖ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል።

«አላልኩህም? ዳገት ነው» አለች።

ሰዓቱ ላይ ግን እሷ በለጠችኝ። በዚህ ወቅት ልዩነታችን 7 ሰዓት ነው፤ የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጁ በ6 ስለሚለይ ግን የግድግዳ ሰዓቷና የእጄ ሰዓት የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ብቻ ነው። የኔ 7 ሲል የእሷ 8 ይላል። እኔ ሜሪላንድ ከእንቅልፌ ስነሳ እሷ ምሳ በልታ ጨርሳለች። «አንድ ጨምሬ ነው የምደውልልህ» ትላለች፣ እኔ ለዓመታት በጣቴ ስቆጥር።

ስመለስ ቶጎ፣ ሎሜ አረፍን። ከመቀመጫችን ሳንነሳ ነዳጅ ይቀዳል። ስልኬን ስከፍት መልእክቷ ገባ። «የት ደረስክ?»

አትላንቲክ እንዳለ ከፊቴ ነው። «ደርሻለሁ» ብዬ ጻፍኩላት።