ኦቾሎኒ ገበሬውና ባለራዕዩ

ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ዋሽንግተን በረዶ ላይ ናት። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ዝግ ናቸው፤ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር አስከሬን የሚሸኝበት ቀን ነው። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው አክስቴ ቡናዋን ይዛ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣለች። ካርተር ኦቾሎኒ እርሻቸው ላይ። ካርተር መዶሻ ይዘው ለድሆች ቤት ሲሠሩ። ካርተር እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲያስተምሩ።

«ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ ፕሬዚዳንት የሆነው መቼ ነው?» አለች።

አሳቀችኝ፤ ግን ልክ ናት። እ.ኤ.አ. በ1980 ምርጫ ሬገን በዝረራ ያሸነፏቸው ሰው ናቸው። የቤንዚን ሰልፉ፣ የኑሮ ውድነቱ፣ ኢራን ውስጥ 444 ቀን የታገቱት አሜሪካውያን አልተረሱም። ሲነሡ ግን «ሰውየው ግን ደግ ነበሩ» ለማለት መንደርደሪያ እንዲሆኑ ነው።

የኛ ቴሌቪዥን ሌላ መንገድ አለው። ነሐሴ 2004 መለስ ዜናዊ ሲያርፉ ኢቲቪን በሳተላይት ስከታተል ነበር። «ባለራዕዩ መሪ»፣ «ታላቁ መሪ» ሳይባል ስማቸው ብቻውን ሲጠራ መስማት ብርቅ ሆኖ ነበር። በደርግ ጊዜም የጓድ መንግሥቱ ማዕረግ ከዋና ጸሐፊነት እስከ ጦር አዛዥነት ተዘርዝሮ እስኪያልቅ ሻይ ይፈላ ነበር። የኛዎቹ ቅጽል ይቆልላሉ። እዚህ ደግሞ ሰውየውን መዶሻ አስይዘው ጎረቤትህ ያስመስሉታል፤ ጎረቤትህን ደግሞ በምን አንጀትህ ትወቅሰዋለህ?

ካቴድራሉ ውስጥ የጄራልድ ፎርድ ልጅ ተነሣ። አባቱ በሕይወት ሳሉ ለካርተር የጻፉትን ስንብት አነበበ። ፎርድ እኮ በካርተር ተሸንፈው ነው ከኋይት ሐውስ የወጡት። እውነቱን ለመናገር እንባዬ መጣ። ካድሬ ሲያሞግስ እጠረጥራለሁ፤ ተሸናፊ ሲያሞግስ ግን ተረታሁ። በኢቲቪው ለቅሶ እንዲህ ያለ ተቀናቃኝ አላየሁም። በ97 ከምርጫው በኋላ ስለተገደሉትም ሲነሣ አልሰማሁም።

አክስቴ ድንገት ሲኒዋን አስቀመጠች። «ውይ! ይሄ ያኔ በቅንጅት ጊዜ ምርጫ ልታዘብ ብሎ የመጣው ሽማግሌ አይደል እንዴ?»

ነው አልኳት። ድምፁን ከፍ አደረገች፤ የኛን ምርጫ ያነሡ እንደሆን ብላ። ካሜራው ተመልሶ ኦቾሎኒው ማሳ ውስጥ ገባ።