ኮዱን ሳያነቡ ሰርተፊኬት የሚቆጥሩ

ባለፈው ሳምንት በዲጂታል ፋይናንስ ላይ በተካሄደ አንድ የውይይት መድረክ፣ የአንድ ትልቅ የፋይናንስ ተቋም የቴክኖሎጂ ኃላፊ ተቋማቸው ከመጪው ሩብ ዓመት ጀምሮ ቢያንስ አንድ ዓለም አቀፍ ሰርተፊኬት የሌለውን የሶፍትዌር ባለሙያ እንደማይቀጥር፣ በሥራ ላይ ያሉትም ወደ ከፍተኛ ባለሙያነት ደረጃ ለማደግ ሁለት ሰርተፊኬት ማቅረብ እንደሚጠበቅባቸው በኩራት ተናገሩ። ታዳሚው አጨበጨበ። ምክንያቱን የጠየቃቸው ወጣት ያገኘው መልስ፣ ሰርተፊኬት የሌለው የሶፍትዌር ገንቢ የሙያ ፈቃድ ሳይኖረው ቀዶ ሕክምና ከሚያደርግ ሐኪም አይለይም የሚል ነበር። አዳራሹ ሳቀ፤ ወጣቱም ተቀመጠ።

ከንግግራቸው ሁሉ ይበልጥ የተወደደላቸውም፣ ይበልጥ ባዶ የሆነውም ይህ ንጽጽር ነው። ለሐኪም የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው የመንግሥት አካል ነው፤ ፈቃዱ የቆመው ለታካሚው ደኅንነት ሲባል ነው፤ ሐኪሙ ቢያጠፋ ፈቃዱን የሚነጥቀውም ያው አካል ነው። ኃላፊው የሚጠይቁትን ፈተና በአብዛኛው የሚያወጣው ግን ቴክኖሎጂውን የሚሸጠው ኩባንያ ራሱ ነው። የአማዞንን ፈተና አማዞን፣ የኦራክልን ኦራክል፣ የሲስኮን ሲስኮ ያዘጋጃል፤ «ይህ አገልግሎት ለድርጅታችሁ አያስፈልግም» የሚል ምርጫ ትክክለኛ መልስ ሆኖ የተገኘበት ፈተና እስካሁን አላጋጠመኝም። ንጽጽሩን እስከ መጨረሻው ከገፋንበት፣ ሐኪሙ ከመቀጠሩ በፊት ለአንድ የመድኃኒት ፋብሪካ በዶላር ከፍሎ ስለ ፋብሪካው መድኃኒቶች ይፈተናል፣ ሦስት ዓመት ሲሞላውም እንደገና ይከፍላል ማለት ነው። ፈቃድ የሚሉት ነገር የግድ ካስፈለጋቸው ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የኮምፒውተር ሳይንስም ሆነ የሶፍትዌር ምህንድስና ተማሪ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታው ሆኗል። አገሪቱ ፈትና ያሳለፈችውን ልጅ በምን ሥልጣን «ፈቃድ የሌለው» ይሉታል?

ፈተናዎቹ ምን እንደሚለኩ የሚያውቅ ሰው ይህን ያህል አይደፍርም። በአገራችን የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ደጋግሞ የሚጠቀሰውን የአማዞን ዌብ ሰርቪስስ (የአማዞን የክላውድ፣ ማለትም ሰርቨር በኢንተርኔት የማከራየት አገልግሎት) የሶሉሽንስ አርክቴክት የአሶሼት ደረጃ ፈተና እንውሰድ። 65 የምርጫ ጥያቄዎች፣ 130 ደቂቃ፣ ከ1000 ነጥብ 720 ማለፊያ፣ ክፍያው 150 ዶላር፣ የአገልግሎት ዘመኑ ሦስት ዓመት ነው። ከ65ቱ ጥያቄዎች 15ቱ ደግሞ ለሙከራ የተካተቱ ስለሆኑ አይታረሙም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ተፈታኙ አንዲት መስመር ኮድ አይጽፍም። ለፈተናው የተዘጋጀ ሰው ስለ ክላውድ አሠራር አንዳንድ ቁም ነገር መያዙ አይካድም፤ ፕሮግራሞችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ ስለሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ የተዘጋጀው፣ ሰርቲፋይድ ኩበርኔቲስ አድሚኒስትሬተርን የመሰለው ፈተናም ተፈታኙን ሁለት ሰዓት ሙሉ እውነተኛ ሲስተም ላይ አስቀምጦ የሚያሠራ በመሆኑ ከሌሎቹ ይሻላል። የኃላፊው መመሪያ ግን «ማንኛውም ዓለም አቀፍ ሰርተፊኬት» ይላል እንጂ አንዱን ከሌላው አይለይም። በዚያ ላይ አማዞን በአፍሪካ ያለው የዳታ ማዕከል ክልል እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተው የኬፕታውኑ ብቻ ሲሆን፣ የአገራችን ባንኮች ዋና ሲስተም በአብዛኛው የሚሠራው በራሳቸው የሰርቨር ክፍል ውስጥ ነው። ገንቢው የማይነካውን ነገር አጥንቶ የሚነካውን ሳያውቅ ቢገባ ማን ይጠቀማል?

ስለ ወጪው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አንባቢ ያውቀዋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ስለዚህ ያው 150 ዶላር ለብዙ ጀማሪ ገንቢ የወር ደመወዙን የሚፈታተን ሆኗል። ብሩ ቢገኝ እንኳ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው ዘመድ ወይም ጓደኛ መፈለግ አለ። ቤቱ ሆኖ ሊፈተን የወሰነ ደግሞ ካሜራው ፊት ብቻውን ተቀምጦ፣ ክፍሉ ውስጥ ማንም ሳይገባ፣ ኔትወርኩ ሳይቆራረጥ፣ መብራት ሳይጠፋ እንዲጨርስ ይጠበቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ እንደነበር ያልረሳ ሰው ይህን ቅድመ ሁኔታ ሲያነብ ፈገግ ይላል።

እኔን ከወጪውም ከንጽጽሩም ይበልጥ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ዓይነቱ መመሪያ ገንቢው በትክክል ሙያውን የሚማርበትን ቦታ፣ ማለትም የባለሙያዎቹን ማኅበረሰብ፣ እያፈረሰ ነው።

ኃላፊው ያ ማኅበረሰብ ምን እንደሆነ የሚያውቁ አልመሰለኝም። በቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰው ለምኖ ባገኘው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የማያውቀውን ሰው ኮድ ከፍቶ «እስቲ ሎጉን ላክልኝ» (ሲስተሙ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል ማለቱ ነው) በሚል ባለሙያ ዘንድ ነው። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በአንድ ግሩፕ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ጀማሪ ገንቢ የምትሠራበት የብድር ሲስተም የዕለቱን ቀን «የተሳሳተ ቀን» ብሎ አልቀበልም ማለቱን፣ የቅርንጫፍ ሠራተኞችም ክፍያ መመዝገብ አቅቷቸው እየደወሉ መሆናቸውን ከስክሪን ፎቶ ጋር ለጠፈች። ሲስተሙን የሠራው ሰው ጳጉሜን በየዓመቱ አምስት ቀን አድርጎ ጽፎት ኖሯል። ብዙም ሳይቆይ አንድ አንጋፋ ባለሙያ መለሱላት፦ «እህቴ፣ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሪና ለአራት አካፍይው፤ ቀሪው ሦስት ከሆነ ዘመኑ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜም ስድስት ትሆናለች።» ሌላው ቀጥሎ ቀኑን በዳታቤዝ ውስጥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማስቀመጡ ራሱ ስሕተት መሆኑን፣ በአንድ ወጥ አቆጣጠር ተይዞ ለተጠቃሚው ሲታይ ብቻ መቀየር እንዳለበት አስረዳ። ሦስተኛው የራሱን ኮድ ከነመሞከሪያው ላከላት። እሷም አስተካክላ፣ መሞከሪያውን አስፍታ፣ መልሳ ለሌሎች ለቀቀችው። በዚያች ምሽት የተማረችው ነገር በየትኛው የ150 ዶላር ፈተና ውስጥ ይገኛል?

የአገራችን ሲስተም በእንዲህ ያለ ነገር የተሞላ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ «ኃይሉ» ብሎ የመዘገበውን ደንበኛ ሌላው «ሃይሉ» ብሎ ሲፈልገው ማጣቱ፣ የአባትና የአያት ስም በውጭ አገር ቅጽ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሳጥን ውስጥ ሲገባ የሚፈጠረው ምስቅልቅል፣ ከንጋት ጀምሮ የሚቆጠረው የእኛ ሰዓት ከሰርቨሩ ሰዓት ጋር የሚያመጣው ጭቅጭቅ፣ ሁሉም መፍትሔያቸው ከአንድ ባለሙያ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የመጣ ነው። ስለ ፊደላችንም ቢሆን ኃላፊው ስልካቸው ላይ በአማርኛ መልእክት ሲጽፉ የሚገለገሉበት ሥርዓት የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ድሮ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የየራሱ ቁጥር ስለነበረው በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆን ነበር። የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ ወጥ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ውስጥ የገባው ዳንኤል ያዕቆብን ጨምሮ ለፊደሉ የደከሙ ሰዎች ስለተከራከሩለት ነው። ዛሬ ባንኮቻችን ደንበኛ የሚለዩበት ፋይዳ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ ሲስተም ላይ ነው፤ የጤና ሚኒስቴር የመረጃ ሥርዓትም መሠረቱ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው፣ እንዲሁ ክፍት የሆነው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 ነው። አገሪቱ የቆመችበት ሶፍትዌር ሰዎች ኮድ ለኮድ እየተራረሙ የሠሩት ሆኖ ሳለ፣ ያንን ልማድ ይዞ የመጣውን ወጣት በር ላይ አቁሞ «ወረቀትህ የታለ?» ማለት ምን ይሉታል?

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ኤክስዜድ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀውን የስርቆት በር ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል፣ ፖስትግሬስ የተሰኘው ዳታቤዝ ገንቢ ነበር። የጸጥታ ኦዲት እንዲያደርግ የላከው አልነበረም፤ ወደ ሰርቨር መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አላስቀምጥ ብሎት፣ ሌላው «ኔትወርኩ ነው» ብሎ በሚያልፈው ነገር ላይ ሙጭጭ ብሎ ቆፍሮ አገኘው፤ ያገኘውንም ለሁሉም ይፋ አደረገ። ያንን እልህ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ከሚል ምርጫ ውስጥ የሚያገኝ ተቋም ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

አሁን ወደዚያው ቴሌግራም እንመለስ። የሥራ ማስታወቂያዎች ሰርተፊኬት መጠየቅ ካበዙ ወዲህ ግሩፖቹን የሞላው ጥያቄ «ይህ ኮድ ለምን ዘገየብኝ?» መሆኑ ቀርቶ «የቅርብ ዳምፕ ያለው ይተባበረኝ፣ ሐሙስ እፈተናለሁ» ሆኗል። ዳምፕ ማለት ፈተናውን የወሰዱ ሰዎች በቃላቸው ይዘው ያወጡት የጥያቄና መልስ ክምር ነው፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይሸመደዳል። የቅዳሜው ስብሰባም ኮድ መነባበቡን ትቶ የፈተና ማጥኛ ክፍል እየሆነ ነው። አንጋፋዎቹ መልስ መስጠት ሰልችቷቸው ዝም ብለዋል፤ «ለምን ለ ሆነ?» ብሎ የጠየቀ ጀማሪ «ለ ነው በቃ፣ ያዘው» ይባላል። ይህን የሚያረጋግጥ ጥናት አምጣ የሚለኝ ካለ ስልኩን አውጥቶ ከግሩፖቹ አንዱን ይክፈት። ለሐቀኛው ወጣት ደግሞ ነገሩ ስድብ ነው፤ ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ የሠራውን ያስቀመጠው ልጅ ይጣላል፣ ዳምፕ የሸመደደው ይጠራል፣ ኃላፊውም ደረጃውን የጠበቀ ቅጥር ፈጸምን ብለው ሪፖርት ይጽፋሉ።

የሚቀርበውን መከላከያ አውቀዋለሁ፤ ለአንድ ቦታ በመቶዎች ሲያመለክቱ በምን እንለይ ይላሉ። መለየት አቅቶት ማጣሪያውን ለውጭ ኩባንያ ያስረከበ የቴክኖሎጂ ክፍል ችግሩ ከአመልካቾቹ አይደለም። ሆን ተብሎ የተበላሸ ትንሽ ፕሮግራም ለአመልካቹ ይሰጠው፤ ከሁለት ነባር ገንቢዎች ጋር ግማሽ ቀን ይቀመጥ፤ የት እንደሚፈልግ፣ ሲቸግረው ምን እንደሚጠይቅ፣ ሲታረም እንዴት እንደሚቀበል ይታይ። ይህን ለማድረግ ግን መጀመሪያ ኮድ የሚያነብ ኃላፊ ያስፈልጋል፤ ምናልባትም ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሰርተፊኬት ማጣሪያ ሆኖ የሚቆየውም ጥቂቶች ብቻ እስከያዙት ድረስ ነው። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ራሱ ሰርተፊኬት በነፃ ይሰጣል፤ ኃላፊው እሱን «አይቆጠርም» ብለው «ዓለም አቀፍ» የሚለውን ቃል ጨመሩ፤ ሁሉም ዓለም አቀፉን ሲይዝ ሁለት ይላሉ፤ ለነባር ሠራተኞቻቸው እንዲያውም ብለዋል።

ከመጋቢት 2016ቱ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሌሊት ወዲህ፣ ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ካወጡ በኋላ ማለቴ ነው፣ የፋይናንስ ተቋማት ስለ ሲስተማቸው መጨነቃቸው ተገቢ ነው። እንግዲያው ኃላፊው ለቀጣዩ መድረክ ሲጋበዙ ባለፈው አንድ ዓመት በተቋማቸው ሲስተም ላይ የደረሱትን መቋረጦችና ስሕተቶች ዘርዝረው፣ በእያንዳንዱ ትይዩ የትኛው ፈተና ሊያስቀረው ይችል እንደነበር ጽፈው ይምጡ። መመሪያቸውን ከዚያም በኋላ የሙጥኝ ካሉ፣ የፈተናውን ክፍያ፣ የጥናቱን ፈቃድ ቀናትና ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣውን የእድሳት ወጪ በተቋሙ በጀት ውስጥ ያስገቡ፤ ዶላሩ ያለው ተቋሙ ጋ እንጂ ጀማሪው ገንቢ ጋ አይደለም።