ማስተካከያ፦ ጉንፋን ይዞ መሄድ አይቻልም

ካንሰር የያዛቸውን ልጆች ቤተሰቦች ስለሚያግዙ በጎ ፈቃደኞች ባለፈው ስጽፍ፣ «ቀለል ያለ ጉንፋን ከሆነ ማስክ አድርጎ መሄድ ይቻላል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። አይቻልም።

የኬሞ መድኃኒት የሚመታው ካንሰሩን ብቻ አይደለም። ደም የሚመረትበትን መቅኔም ያዳክማል፤ በሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች ይቀንሳሉ። ያን ጊዜ እኛን ሁለት ቀን አስነጥሶን የሚያልፍ ጉንፋን ልጁን ሆስፒታል ሊያስተኛው ይችላል። ቴርሞሜትሩ 38 ካሳየ ወላጅ «እስኪ ይንጋ» አይልም፤ በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ልጁን ታቅፎ ይሮጣል። ስለዚህ ጉሮሯችሁን ከከረከራችሁ ደውሉና ቅሩ። ማንም አይቀየማችሁም። እናትየዋ እንዲያውም ታመሰግናችኋለች።

ሌላም አለ። እገዛው የሚያስፈልገው «ለጥቂት ወራት» ነው ያልኩት ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር፣ አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር፣ ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይወስዳል። መጀመሪያ ሰሞን ቤቱ በጠያቂ ይጨናነቃል። ከወራት በኋላ ግን ስልኩ ዝም ይላል። እናት ከታማሚው ልጅ ጋር ሆስፒታል ስትውል፣ ታናሽ እህቱ ቦርሳዋን አዝላ ትምህርት ቤት በር ላይ የሚወስዳት ሰው ትጠብቃለች። በጎ ፈቃደኛ በጣም የሚፈለገው ያኔ ነው።

«ካንሰር ከያዛቸው ልጆች 60 በመቶው ይድናል» ያልኩትም ዛሬ ያለው ውጤት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 በዓለም ደረጃ ሊደርስበት ያስቀመጠው ግብ ነው።