ሠልጣኟ እንዳታቋርጥ

አገር ቤት ስለ አሜሪካ ትምህርት ሲወራ ስሙ የሚነሳው የሃርቫርድ ነው። እዚህ የምንኖረውን አበሾች በብዛት ለቁም ነገር ያበቃን ግን ሌላ ቤት ነው፤ ኮሚኒቲ ኮሌጅ። በየአካባቢው ያለ የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ ነው። ክፍያው ከዩኒቨርሲቲ በብዙ ያንሳል። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ሁሉ ይገባል፤ ነጥብህ ስንት ነው ብሎ በር የሚዘጋ የለም። አንጋፋው እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ግዛት፣ ጆሊየት ከተማ የተከፈተው ነው። ዛሬ በመላ አገሪቱ አንድ ሺህ ገደማ አሉ።

ዲሲ ዙሪያ ለምንኖር ቅርባችን ኖቫ ነው፤ የሰሜን ቨርጂኒያው ኮሌጅ። አሌክሳንድሪያ ያለው ግቢው ውስጥ ማታ ማታ አማርኛ ሳይሰሙ ማለፍ ይከብዳል። ቀን ታክሲ ሲነዳ የዋለ አባት ሒሳብ ሊማር ይገባል። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስትሠራ ያደረች እናት አናቶሚ ክፍል ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ልጇ ደግሞ እዚያው ግቢ ኮምፒውተር ይማራል። እኔም ነርስ የሆንኩት በዚሁ መንገድ ነው። መጀመሪያ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት)፣ ቀጥሎ ኮሌጅ፣ ከዚያ የነርስነት ፈቃድ።

ዛሬ ልጽፍ የተነሳሁት ግን ስለ ጅማ ነው። ዘንድሮ ለቤተሰብ ጉዳይ ሄጄ ስቆይ ልቤን የያዘው የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች ነገር ነው። ምክንያቱ የእህቴ ልጅ ነው። 12ኛ ክፍል ተፈትኖ 50 በመቶ አልሞላለትም። ብቻውን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሹን ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ። ጥቂቱ ሪሚዲያል፣ የማካካሻ ትምህርት፣ ይገባል። የቀረውን ቤተሰቡ «እንግዲህ ቴክኒክ ይሞክር» ይለዋል። እህቴ ይህን ስትለኝ ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር፤ የሚታፈርበት ነገር እንዳወራች ሁሉ።

ያ ዝቅ ማለት ያንገበግበኛል። አሜሪካ ውስጥ ከሰፈር ኮሌጅ መጀመር ማንንም አያሳፍርም። ኖቫን በጥሩ ነጥብ የጨረሰ ልጅ ጆርጅ ሜሰን ወይም ቨርጂኒያ ቴክ ገብቶ የሚቀጥልበት ስምምነት አለ። አልቀጥልም፣ በሙያዬ ልሥራ ካለም ይችላል። እኛም ጋ መሰላሉ በወረቀት ላይ አለ፤ ከደረጃ 1 ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ። ነገር ግን ልጁ ገና የመጀመሪያውን እርከን ሲረግጥ ቤተሰቡም፣ ጎረቤቱም፣ እሱ ራሱም የወደቀ አድርገው ነው የሚያዩት። እንዲህ ሆኖ የገባ ልጅ ትንሽ ችግር ሲገጥመው ለማቋረጥ ቅርብ ነው።

ይህን የበለጠ የገባኝ አጂፕ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። የወንድሜ መኪና እስኪሠራ ስጠብቅ ከአይሱዙ ሥር አንዲት ልጅ ወጣች። ቱታዋ ሰፍቷት እጅጌውን ደጋግማ አጥፋዋለች። ከደዶ የመጣች የአውቶሞቲቭ ሠልጣኝ ናት፤ ለአፓረንትሺፕ፣ ሥራ ቦታ ላይ ለመለማመድ፣ ነው የወጣችው። ክፍል ውስጥ ስንት ሴቶች እንደሆኑ ጠየቅኳት።

«ስንጀምር አምስት ነበርን፣ እትዬ። አሁን ሁለት ቀርተናል።»

«ሌሎቹስ?»

«አንዷ አገባች። አንዷ ጂዳ ሄደች። አንዷ ደግሞ የቤት ኪራይ አቃታትና አገሯ ተመለሰች።»

«ትምህርቱ ከብዷቸው አይደለም?»

«ኧረ አይደለም! ኪራይ ያቃታት እኮ ከሁላችንም ጎበዝ ነበረች። የሞተር ድምፅ ሰምታ ብቻ ምን እንደሆነ ትናገር ነበር።»

ይህ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ሞተር ሰምታ በሽታውን የምትለይ ልጅ በአንድ ክፍል ቤት ኪራይ ምክንያት ጠፋች። ሠልጣኞቹ ብዙዎቹ ከደዶ፣ ከሰቃ፣ ከሰርቦ፣ ከአሰንዳቦ የመጡ የገበሬ ልጆች ናቸው። ያነጋገርኳቸው ሁሉ ተከራይተው ነው የሚኖሩት፤ ለሦስት ለአራት ሆነው በአንድ ክፍል። ከቤት የመጣው ስንቅ ሲያልቅ የሚበሉት ያጣሉ። የሚያሳስባቸው የትምህርቱ ክፍያ ሳይሆን ኑሮው ነው።

ባለ ጋራዡ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ልጆቹን ለምን እንደሚቀበሉ ስጠይቃቸው በደንብ አስረዱኝ። «እህቴ፣ ልጅ ማስተማር አልጠላም። እኔም በሰው ጋራዥ ነው የለመድኩት። ግን ደብዳቤ ተጽፎላቸው ይመጣሉ፤ ከዚያ ወዲህ የት ደረሱ የሚል የለም። መሣሪያ ቢሰበር በእኔ ነው። ጣቷን ቢቆርጣት በእኔ ነው። ምሳ ሰዓት ሠራተኞቼ ሊበሉ ሲቀመጡ እነሱ ዞር ይላሉ። እያየሁ ዝም ልበል? እኔው ነኝ የማበላቸው።»

በእኛ አገር የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ይሁን ይባላል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን የዚያን 70 በመቶ ትልቁን ድርሻ ያለ ክፍያ የተሸከሙት እንደኚህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ደግሞ ሁሉም እንደሳቸው አይደለም። የእህቴ ልጅ ጓደኛ ሌላ ቦታ ወጥቶ መኪና ሲያጥብና ሻይ ሲያመላልስ ከርሞ ማኅተም ተመትቶለት ተመለሰ። ቁልፍና ካቻቢቴ ሲያቀብል እንጂ ሲፈታ ማንም አላየውም። ይህ ልጅ ነገ ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናው ላይ፣ ሲቀርብ ምን ሊሠራ ነው?

እኛ ዳያስፖራዎች ይህን ስንሰማ ወዲያው የሚታየን ዕቃ ነው። ኮምፒውተር እንላክ፣ ኮንቴይነር እንሙላ እንላለን። ዕቃው አይጠላም። ግን የእኔን የራሴን ታሪክ ሳስበው እስከ መጨረሻው ያደረሰኝ ዕቃ አልነበረም። ወልጄ ከክፍል ስጠፋ «ምን ሆነሽ ነው?» ብላ የደወለችልኝ አማካሪ ናት። የመድኃኒት ስሌት ሲያቅተኝ ያለ ክፍያ ቁጭ ብሎ ያስጠናኝ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ግቢ ውስጥ ፓንትሪ የሚባል ክፍል አለ፤ ፓስታ፣ ሩዝ፣ የሕፃን ዳይፐር የቸገረው ተማሪ ገብቶ ይወስዳል። ይሉኝታ ይዞን በሩ ድረስ ሄደን የምንመለስ አበሾች ብዙ ነን። አማካሪዬ ናት እጄን ይዛ ያስገባችኝ፤ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 በኮሚኒቲ ኮሌጆቹ «አሳፕ» የሚል ፕሮግራም ጀመረ። ተማሪው የሙሉ ጊዜ እንዲማር ያስገድዳል። በምላሹ ከእርዳታ ገንዘብ የተረፈውን ክፍያ ይሸፍንለታል፣ ለመጽሐፍ ያግዘዋል፣ የአውቶቡስና የባቡር ካርድ ይሰጠዋል። ከሁሉ በላይ ቶሎ ቶሎ የሚያገኘው አማካሪ ይመድብለታል። ኤምዲአርሲ የተባለ የጥናት ተቋም ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ተከታተለ። ፕሮግራሙ ውስጥ ከነበሩት በሦስት ዓመት 40 በመቶ ተመረቁ። ካልነበሩት 22 በመቶ። ያው ኮሌጅ፣ ያው መምህር፣ ያው መጽሐፍ ነው። ለውጡን ያመጣው የትራንስፖርት ካርድና የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ያችን 22 ግን ልብ በሉልኝ። ድጋፍ ካልተደረገ እዚህም አብዛኛው ተማሪ በጊዜው አይጨርስም። ሁለት ሥራ ይዞ፣ ልጅ እያሳደገ፣ አውቶቡስ ላይ እያጠና የሚማር ሰው ይደክመዋል። መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ተማሪ የሚሰጠው ፔል ግራንት በዓመት እስከ 7,395 ዶላር ይደርሳል፤ ወረቀቱ ያላለቀለት ስደተኛ ግን አያገኘውም። እዚህ ሁሉ ነገር ሞልቷል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። እዚህ ያለው ጥሩ ነገር ተማሪው ለምን ጠፋ ብሎ መቁጠርና መፈለግ መጀመሩ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ከተማችን የሚያኮራውን ልናገር። ጅማ በእጅ ሠርቶ መማርን ከማንም አትዋስም። የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1952 ተከፍቷል፤ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ያኔ ኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ) ሰዎች ያገዙት፣ ተማሪው ከጥቁር ሰሌዳው ሌላ ማሳ ላይም የሚውልበት። የሐረማያው ኮሌጅ ግንባታ እስኪያልቅ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቹ ትምህርት የጀመሩት እኛው ጋ ነው። ከጅማና ከአምቦ የወጡ ልጆች በየአውራጃው የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሆነው ገበሬውን አስተምረዋል።

የእርሻ ኮሌጁና እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋህደው በ1999 ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑም ያው መንፈስ ቀጠለ። ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት የሚባለውን የጅማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ቀበሌ ይገባሉ፤ ቤት ለቤት ይጠይቃሉ፤ ችግሩን ለይተው ከሕዝቡ ጋር መፍትሔ ይሞክራሉ። ተመራቂ የጤና ተማሪዎች ደግሞ ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ ፋርማሲስቱም፣ የላቦራቶሪው ልጅም አንድ ላይ እንደ አጋሮ፣ አሰንዳቦና ሸቤ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ይመደባሉ። እናቴ ቤት መጥተው ስለ ውኃ ጉድጓዷ የጠየቋት ልጆች ዛሬም ከአፏ አይጠፉም። ኖቫ በስፕሪንግፊልድ የሕክምና ግቢው የጥርስ ንጽህና ተማሪዎቹ ሕዝቡን በዝቅተኛ ዋጋ ሲያክሙ ሳይ ትዝ ያለኝ ያ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ልምድ ያለባት ከተማ ለቴክኒክና ሙያ ልጆች ለምን አታካፍለውም? የጤናው ቡድን ሐኪምን ከላቦራቶሪ ባለሙያ ጋር አሰልፎ አጋሮ ከላከ፣ ከቂጦ ፉርዲሳው የቴክኖሎጂ ግቢ የሚወጣው ኢንጂነርና ደረጃ 3 የደረሰችው መካኒክ አብረው ቢላኩ ምን ይከለክላል? ሥራው ሞልቷል። በቡና ለቀማ ወቅት የመፈልፈያ ማሽን ሲበላሽ የቀይ ቡና ነገር አያድርም፤ በዕለቱ ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል። የወፍጮ ቤቶቹ ሞተር፣ የውኃ ፓምፑ፣ ከተማውን የሞላው ባጃጅ ሁሉ የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል። ኢንጂነሩ ስሌቱን ያመጣል፣ ሠልጣኟ እጇን ታመጣለች። አብረው ሲሠሩ የሰውም አመለካከት ይለወጣል። የእህቴ ድምፅም ዝቅ አይልም።

ይህኛው የተቋማቱ ሥራ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል። እኛ ውጭ ያለነው የጅማ ልጆች ግን ዛሬውኑ የምንችለው አለ። በየዓመቱ ተሰብስበን እንበላለን፣ እንጫወታለን፣ ገንዘብም እናዋጣለን። የዘንድሮውን ለኪራይና ለምሳ እናድርገው እላለሁ። ልጆችን ተቀብለው በእውነት ለሚያስተምሩ ባለ ጋራዦች፣ ባለ ብየዳ ቤቶችና አናጺዎች የተሰበረ መሣሪያ መተኪያ እንመድብ። ለልጆቹ ልካቸው የሆነ ቱታና የደህንነት ጫማ እንግዛ። ከሁሉ በፊት ግን እዚያው ጅማ ላለ አንድ ሰው ደመወዝ እንክፈል። ሥራው ጋራዥ ለጋራዥ እየዞረ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ለምን ቀረ ብሎ መጠየቅ ነው። ፎቶ የሚነሱበት ሪባን ስለሌለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሰው ማሳመን ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም አጥብቄ እከራከራለሁ።

ከደዶዋ ልጅ የዚያች ኪራይ ያቃታት ጓደኛዋን ስልክ ተቀብዬ ደውዬላታለሁ። መማር ትፈልጋለች። አባቷም አልተቃወሙም፤ ኪራዩን ግን አልችልም ብለዋል። እህቴ፣ ባለ ጋራዡና እኔ እስክትጨርስ ድረስ ለመሸፈን ተስማምተናል፤ ለአፓረንትሺፕም እሳቸው ዘንድ ትገባለች። ምዝገባው ሲከፈት እህቴ ናት ይዛት የምትሄደው።